የትርንጎ ክራንች ጎማ

ተረት ልጀምር ነው፤ ጆሮ ያለው ጆሮውን ያዋጣ። እኔ ክሩን እስባለሁ፣ እናንተ ጫፉን ያዙልኝ። ክሩ ረጅም ስለሆነ እየደጋገምኩ ነው የምስበው። መደጋገሙ የሰለቸው ካለ ትርንጎን ያስብ፤ እኔ በአፌ ነው የምመላለስበት፣ እሷ ግን በአንድ እግሯ ተመላልሳበታለች።

በአንዲት ከተማ ዳር አፋፍ ሰፈር የምትባል ዳገታማ ሰፈር ነበረች። እዚያ ባልና ሚስት ይኖሩ ነበር። ባልየው እምሩ ይባላል፤ ዓይነ ስውር ነው። ሚስቱ ትርንጎ ትባላለች፤ ግራ እግሯ ከልጅነቷ ጀምሮ አልታዘዝ ብሏት በክራንች ነው የምትሄደው። የተገናኙት ቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ ነው፤ ሁለቱም ምጽዋት ለመጠየቅ ተቀምጠው። ኋላ ለአካል ጉዳተኞች ወርሃዊ ድጎማ ተጀመረ ተባለና ለእሱም ለእሷም ደረሳቸው። ከደጁ ተነሡ፣ ተጋቡ፣ አንድ ክፍል ቤት ተከራዩ። በተጋቡ ዕለት ትርንጎ «ከእንግዲህ እጄን የምዘረጋው ለሰላምታ ብቻ ነው» አለች። እንዳለችውም ኖረች።

የእሱ ድጎማ ኪራዩን ይዞ ይሄዳል፣ የእሷ እህሉን ያመጣል። እሷ መንገዱን ታያለች፣ እሱ የከበደውን ይሸከማል። ውኃ ለመቅዳት ወደ ቦኖው ሲወርዱ ትርንጎ ከፊት ናት፤ እምሩ ጀሪካኑን ይዞ፣ ሌላ እጁን ትከሻዋ ላይ ጥሎ ይከተላል። ከዚህ የተሻለ ኑሮ አይቻለሁ፤ ከዚህ የተሻለ ትዳር ግን ብዙ አላየሁም።

ክረምት ገባ። የአፋፍ ሰፈር መንገድ ኮብልስቶን ነው፤ ዝናብ ሲነካው እንደ ሳሙና ያሟልጫል። የትርንጎ ክራንች ከታች የሚያጠልቀው ጎማ አልቆ እንጨቱ ራቁቱን ቀረ። እና ትርንጎ አንድ ነገር ፈለገች። ከጡጫ የማትበልጥ አንዲት የክራንች ጎማ ፈለገች። ሌላ ምንም አልጠየቀችም።

ባልና ሚስቱ ወደ ከድር ሄዱ። ከድር ጫማ ሰፊ ነው፤ ከአሮጌ የመኪና ጎማ በረባሶ ይሠራል፣ ለክራንችም ልክ ወስዶ ይቆርጣል።

«ከድር፣ ጎማ ፈልጌ ነበር፤ ግን የዚህ ወር ድጎማዬ አልወጣም» አለችው ትርንጎ።

«ታዲያ ምን አለበት እትዬ ትርንጎ? ዝም ብለው ይውሰዱት፣ የእኔ ስጦታ ነው» አለ ከድር።

«አይሆንም ልጄ። ዛሬ ጎማ በነፃ ከወሰድኩ፣ ነገ ዱቄት በነፃ እወስዳለሁ። ከነገ ወዲያ ደጀ ሰላም ተቀምጬ ታገኘኛለህ። ድጎማዬ ሲወጣ እመጣለሁ።»

«እሺ፤ ድጎማዎ ይውጣ እንጂ እኔ ያኔውኑ እቆርጣለሁ» አለ ከድር፤ ቢላውንም መልሶ አስቀመጠ። ይህን ኩራት ነው የሚል ይኖራል። እንዲያ የሚል ሰው ደጀ ሰላም ተቀምጦ አያውቅም።

ድጎማው ካልወጣ ከድር አይቆርጥም፤ ከድር ካልቆረጠ ጎማ የለም። ጎማ ከሌለ ትርንጎ በኮብልስቶኑ ላይ ስትወድቅ ስትነሣ ነው። እንዲያ እየወደቀች እየተነሣች፣ እምሩም በትከሻዋ እየተመራ፣ ድጎማ ከምትከፍለው ከስንዱ መስኮት ደረሱ።

«ስንዱ፣ ድጎማዬን ክፈይኝ፤ ከድር ጎማ እንዲቆርጥልኝ» አለች ትርንጎ።

ስንዱ ካርዷን ተቀብላ አየችና ፊቷ ተለወጠ። «እትዬ ትርንጎ፣ የጋሽ እምሩ አለ። የእርስዎ ግን ተዘግቷል።»

«ማን ዘጋው?»

«ኮሚቴው ነው። እኔማ ካርዱ ከተከፈተ ዛሬውኑ እከፍላለሁ፤ ምን ቸግሮኝ?»

እምሩ የትርንጎ ትከሻ ከእጁ ስር ሲወርድ ተሰማው። የእሷ ድጎማ ከቀረ የሚቀረው ጎማ ብቻ እንዳልሆነ ሁለቱም ያውቃሉ። ኪራይ የከፈለ ሰው ደግሞ መብላት አለበት። ከዚያ የሚቀራቸው መንገድ አንድ ነው፤ ወደዚያው ደጅ መመለስ።

ካርዱ ካልተከፈተ ስንዱ አትከፍልም፤ ስንዱ ካልከፈለች ከድር አይቆርጥም፤ ከድር ካልቆረጠ ጎማ የለም። ስለዚህ ባልና ሚስቱ ወደ ኮሚቴው ሰብሳቢ ወደ አቶ ደምሰው አቀኑ። ደምሰው የሰፈሩ ልጅ ነው፤ እዚያው ተወልዶ እዚያው ያደገ፣ ሰው ሲገባ ከወንበሩ የሚነሣ ጨዋ ሰው ነው። ለእነሱም ተነሣላቸው።

«አቶ ደምሰው፣ ካርዴን ክፈቱልኝ፤ ስንዱ እንድትከፍለኝ፣ ከድር ጎማ እንዲቆርጥልኝ» አለች ትርንጎ።

«ክፋት እንዳይመስላችሁ» አለ ደምሰው። «አዲስ ደንብ መጥቷል፤ አንድ ጎጆ፣ አንድ ድጎማ ይላል። ምንም ያልደረሳቸው ሰዎች ደጃችን ላይ ናቸው። ለአንድ ቤት ሁለት ጊዜ ከሰጠን ለእነሱ ምን ይተርፋል? ባልና ሚስት ደግሞ አንድ ጎጆ ናቸው። ‹ባልና ሚስት ከአንድ ባሕር ይቀዳል› ሲባል አልሰማችሁም?»

«ሰምተናል» አለ እምሩ። «ከአንድ ባሕር ብንቀዳም የምንጠጣው ግን በሁለት አፍ ነው። እኔ አላይም፣ እሷ አትራመድም። ይኼ አንድ ጉዳት ነው?»

«ደንቡ ጉዳት አይቆጥርም ጋሽ እምሩ፤ ጎጆ ነው የሚቆጥረው።»

«ጎጆውን በምን ቆጠራችሁት?»

«በእድሩ ነው የቆጠርነው። አፋፍ ሰፈርን ከእድሩ የበለጠ የሚያውቅ የለም። በእድሩ እናንተ አንድ አባል ናችሁ፤ መዋጮአችሁም አንድ ነው። ሁለት ጎጆ ብትሆኑ ኖሮ ሁለት ካርድ እከፍት ነበር። የእድሩ ዳኛ ጋሽ ሽብሩ ‹ተለያይተዋል› ብለው ይመስክሩ፤ እኔ እሺ ነኝ፣ እከፍታለሁ።»

ጋሽ ሽብሩ ካልመሰከሩ ደምሰው አይከፍትም፤ ደምሰው ካልከፈተ ስንዱ አትከፍልም፤ ስንዱ ካልከፈለች ከድር አይቆርጥም፤ ከድር ካልቆረጠ ጎማ የለም። ዳገቱን ወጡት። ጋሽ ሽብሩን የእድሩን ድንኳን ዘርግተው ቀዳዳውን ሲጠግኑ አገኟቸው። ሽማግሌው ባልና ሚስቱን ያጋቧቸው ራሳቸው ናቸው፤ ያን ዕለት ከሁለቱም ወገን የሚቆም ዘመድ ስላልነበረ፣ የሙሽራውም የሙሽሪትም አባት ሆነው ቆመዋል።

«ጋሽ ሽብሩ፣ ይመስክሩልን» አለች ትርንጎ። «ደምሰው ካርዴን እንዲከፍት፣ ስንዱ እንድትከፍል፣ ከድር ጎማ እንዲቆርጥልኝ።»

«ምን ብዬ ነው የምመሰክረው?»

«ተለያይተዋል ብለው።»

ጋሽ ሽብሩ መርፌውን ድንኳኑ ላይ ሰኩት። «እኔ በሐሰት መስክሬ አላውቅም፤ በዚህ ዕድሜዬም አልጀምርም። ሁለት ምድጃ፣ ሁለት ደጅ በዓይኔ ካየሁ ግን፣ እሺ፣ ‹ሁለት ጎጆ ናቸው› እላለሁ። እውነት ይሁን እንጂ እውነት ለመናገር ማን ይፈራል?»

ሲመለሱ ዝናቡ አባራ። ትርንጎ እግሯ ሲዝል መንገድ ዳር አንድ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች፤ እምሩም አጠገቧ ተቀመጠ።

«እንለያይ ትርንጎ» አለ እምሩ።

«ዓይንህ ቢያይ እለይህ ነበር።»

«እኔም እግርሽ ቢቆም እለይሽ ነበር።»

ያን ጊዜ ሁለቱም የትርንጎን እግር እንዲቆም ጠየቁት። እግር አፍ የለውም ትሉ ይሆናል፤ በተረት አለው። እግሩም «እሺ፣ እቆማለሁ፤ ግን ክራንቹ ጎማ ያግኝ» አላቸው።

በሉ እንግዲህ ክሩን አጥብቃችሁ ያዙ። እግሩ ካልቆመ አይለያዩም፤ ካልተለያዩ ጋሽ ሽብሩ አይመሰክሩም፤ ጋሽ ሽብሩ ካልመሰከሩ ደምሰው አይከፍትም፤ ደምሰው ካልከፈተ ስንዱ አትከፍልም፤ ስንዱ ካልከፈለች ከድር አይቆርጥም፤ ከድር ካልቆረጠ ጎማ የለም፤ ጎማ ከሌለ እግሩ አይቆምም፤ እግሩ ካልቆመ አይለያዩም። አያችሁ? ክሩ ዞሮ ዞሮ ራሱ ላይ ተቋጠረ።

እዚህ ስደርስ ሁልጊዜ ንዴት ይይዘኛል። በሌላው ተረት ዱላው እምቢ ይላል፣ እሳቱ እምቢ ይላል፣ ውኃው እምቢ ይላል፤ እኛም እንስቃለን። እዚህ እምቢ ያለ የለም። ሁሉም «እሺ» ነው ያሉት። ከ«እሺ» ቀጥሎ ግን ሁሉም አንድ «ግን» ነበራቸው፤ ትርንጎም የምትደናቀፈው በዚያ ነው።

የቸገረው እርጉዝ ያገባል ይባላል። እነዚህ ደግሞ ቢቸግራቸው እግሩ ሳይቆም ተለያዩ። ድጎማው ሲከፈት ኪራይዋ ሊከፈል፣ ከዳገቱ አናት ባዶዋን የነበረች ጓዳ ተገኘችና ትርንጎ ገባችባት። እምሩ ታች ቀረ። እሷም የከሰል ምድጃ አቀጣጠለች፣ እሱም አቀጣጠለ። ሁለት ምድጃ፣ ሁለት ደጅ ሆነ። እምሩ የምድጃውን ፍም በእጁ እየፈለገ ጣቶቹን አቃጠለ። ትርንጎ ውኃ የሚቀዳላት አጥታ ጉሮሮዋ ደርቆ ሰነበተች። ጎረቤት ይጠየቃል ትሉ ይሆናል፤ ጎረቤትማ ይረዳል። ግን በየቀኑ ውኃ ቅዱልኝ፣ በየቀኑ መንገድ አሳዩኝ ማለት ሌላ ስሙ ምን እንደሆነ ሁለቱም ያውቁታል። ደግሞ ሁለቱም ለየብቻቸው አንድ ሐሳብ ያስቡ ነበር፤ ሽማግሌው መጥተው ቶሎ ባዩልንና ቶሎ በመሰከሩልን የሚል።

አንድ ማለዳ ጋሽ ሽብሩ በቃላቸው መሠረት ሊያዩ ተነሡ። ዝናብ አድሮ መንገዱ ያሟልጫል። ዳገቱ ወገብ ላይ፣ ቦኖው አጠገብ ሲደርሱ የሰው ጫጫታ ሰሙ። እምሩ ለብቻው ውኃ ሊቀዳ ወጥቶ የመንገዱን ጠርዝ ስቶ ወድቋል። ጀሪካኑ ተንከባሎ ሄዷል፤ ግንባሩ ተፈንክቶ ደሙ ዓይኑ ላይ ይወርዳል። ሰው ሊያነሣው ቢይዘው አይነሣም። «የት ነው ያለሁት? አቅጣጫው ጠፋኝ፤ የት ነው ያለሁት?» ይላል።

ጋሽ ሽብሩ ቀና ሲሉ ትርንጎን አዩዋት። ጫጫታውን ሰምታ ከጓዳዋ ወጥታለች። ክራንቹን አንድ ጊዜ ተከለችው፣ አዳለጣትና ወደቀች፤ ደግማ ተከለችው፣ አሁንም ወደቀች። ከዚያ ክራንቹን ወረወረችው። ተቀመጠችና በእጇ እየገፋች፣ በመቀመጫዋ እየተንሸራተተች፣ ጭቃውንም ድንጋዩንም እየጠረገች ያንን ሁሉ ቁልቁለት ወረደችው። ሰዎች ሊይዟት ቢሞክሩ አልቆመችም። ባሏ ዘንድ ደርሳ የነጠላዋን ጫፍ ግንባሩ ላይ ጫነች።

«ቦኖው በቀኝህ ነው። ቤታችን ከኋላህ ነው። እኔ ከፊትህ ነኝ» አለችው።

እምሩ ጸጥ አለ።

ጋሽ ሽብሩ አጠገባቸው ቆሙ። የመጡት ለመመስከር ነውና ጠየቁ። «ትርንጎ፣ ተለያይታችኋል?»

«አዎ ጋሽ ሽብሩ፣ ተለያይተናል» አለች፤ እጇን ከባሏ ግንባር ሳታነሣ።

«እምሩ፣ አንተስ?»

«ተለያይተናል። እኔ ታች ነኝ፣ እሷ ላይ ናት» አለ፤ የቀሚሷን ጫፍ ጨብጦ።

«እናንተ ውሸት አታውቁም ነበር» አሉ ሽማግሌው። «ማነው ያስተማራችሁ?» መልሱንም ራሳቸው ሰጡ። «እኔ ነኝ» አሉ። ከዚያ ከዘራቸውን አንሥተው በመጡበት እግራቸው ወደ ደምሰው ሄዱ።

ደምሰው ከወንበሩ ተነሣላቸው። እሳቸው ግን አልተቀመጡም።

«ደምሰው ልጄ፣ ልመሰክር መጣሁ። አልተለያዩም።»

«እንግዲያው ካርዱ...»

«አስጨርሰኝ። የቆጠርከው በእድር ነው አሉ፤ እውነት ነው?»

«አዎ ጋሽ ሽብሩ። በእድሩ ባልና ሚስት አንድ ናቸው።»

«መዋጮ ስንቀበል ነዋ» አሉ ሽማግሌው። «ስንቀበል በቤት ነው የምንቆጥረው፣ እንዳይከብዳቸው ብለን። ስንሰጥ በነፍስ ነው። አባትህ ሲሞቱ ድንኳን ተከልን፣ አለቀስን፣ ቀበርን። ኋላ እናትህ ሞቱ። ያኔ ደጅህ መጥቼ ‹ይኼ ቤት ድርሻውን ወስዷል፤ አንድ ጎጆ፣ አንድ ቀብር› አልኩህ?»

ደምሰው አቀረቀረ። እናቱን የሸኘበት ቀን ፊቱ ላይ መጣ። ያን ቀን ሬሳውን ከተሸከሙት አንዱ እኚሁ ሽማግሌ ነበሩ።

«ደንቡን እኔ አላወጣሁትም ጋሽ ሽብሩ» አለ ቀስ ብሎ።

«ሞትንም እኔ አላወጣሁትም። አቆጣጠሩን ግን የእኛን ነው የወሰድከው፤ የወሰድከውም በተሳሳተው ጫፍ ነው። እየሰጠህ እንደሚቀበል ቆጠርክ። የእኛን ከወሰድክ እንግዲህ ሙሉውን ውሰድ።»

«የእነሱን ብቻ ብከፍት አድልዎ ይሆንብኛል። እንደነሱ የተዘጋባቸው ሌሎችም ባልና ሚስቶች አሉ።»

«ታዲያ የሁሉንም ክፈት። ለአድልዎ ሌላ መድኃኒት አላውቅለትም።»

ደምሰው ኮሚቴውን ጠራ፤ ሽማግሌው የተናገሩትን እንዳለ ነገራቸው። ከመካከላቸው «ለሚጠባበቁትስ ምን እንሰጣለን?» ያለ ነበር፤ ጥያቄው ደግ ጥያቄ ነው። ደምሰውም «እሱን የበላዮቻችንን ሄደን እንጠይቃለን እንጂ ከትርንጎ አፍ ነጥቀን አንሰጥም» አለ። ኮሚቴው ውስጥ አባትም እናትም ያልቀበረ ጥቂት ነበርና በአንድ ቃል ተስማሙ። በነፍስ ይቆጠር ተባለ።

አሁን ክሩን ልቀቁት፤ ራሱ ይተረተራል። ጋሽ ሽብሩ መሰከሩ፤ ጋሽ ሽብሩ ስለመሰከሩ ደምሰው ከፈተ፤ ደምሰው ስለከፈተ ስንዱ ከፈለች፤ ስንዱ ስለከፈለች ከድር ቆረጠ፤ ከድር ስለቆረጠ ክራንቹ ጎማ አጠለቀ፤ ክራንቹ ጎማ ስላጠለቀ እግሩ ቆመ። እግሩ ከቆመ እንለያያለን ብለው ነበር። ግን እግሩ በቆመ ዕለት እምሩ ዳገቱን ወጥቶ የትርንጎን ምድጃ ተሸክሞ ወረደ፤ እሷም ከፊቱ ሆና «ደረጃ፣ ጉድጓድ፣ ወደ ግራ» እያለች መራችው።

በማግስቱ ውኃ ሊቀዱ ወጡ። ትርንጎ ደጁን አልፋ መንገዱን ያዘች፤ እምሩ ደፉ ላይ ጀሪካኑን ይዞ ቆሞ ቀረ። አሮጌው ጎማ ካለቀ ወዲህ ከፊቱ መሆኗን የሚያውቀው እንጨቱ ድንጋዩን ሲመታ እየሰማ ነበር፤ አዲሱ ጎማ ግን ድምፅ የለውም።

«ትርንጎ፣ አለሽ?» አለ፤ ድምፁ ፍርሃት ነበረበት።

እሷም ተመለሰች። እጁን አንሥታ ትከሻዋ ላይ አስቀመጠችው።

«አለሁ» አለችው። «ሁለታችንም አለን።»

ተያይዘው ወደ ቦኖው ወረዱ። እኔም ተረቴን እዚያው አደረስኩላችሁ፤ የጠማው ካለ ይቅዳ።